ምን አለሽ?

የመርካቶውን ምናለሽ ተራ ከዓይን በፊት ጆሮ ያገኘዋል። በርሜል ሲቀደድ፣ ቆርቆሮ ሲቃና፣ ብረት ብረትን ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ሰውን ገና ከሩቅ ይቀበለዋል። ጠጋ ሲሉ ድምፁ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የበርሜሉ ወፍራም ነው፣ ደረት ውስጥ ይገባል፤ የጣሳው ቀጭን ነው፣ ጥርስ ያፋጫል። መተላለፊያው ጠባብ ነው። ከኋላ ሸክም ያለበት ሰው «መንገድ! መንገድ!» ሲል ወዲያው ወደ ጥጉ መጠጋት ነው፣ ዞሮ ለማየት ጊዜ የለም።

በበጋው አንድ ማለዳ እዚህ መጥቼ የቆምኩት ኩራዝ የሚሠሩ አዛውንት ፊት ነበር። ከጎናቸው የሳልሳ ጣሳ ተቆልሏል። አንዱን አንስተው በመዳፋቸው አገላበጡት፤ የተጨማደደ ጎኑን ከውስጥ በመዶሻ እጀታ ገፋ ገፋ አድርገው አቃኑት። ከሌላ ጣሳ ከተቀደደ ስስ ቆርቆሮ ላይ ክዳን የሚሆነውን በመቀስ አዙረው ቆረጡና መሐሉን በሚስማር በሱት። የተረፈችውን ቁራጭ እዚያው ሚስማር ላይ ጠቅልለው ክሩ የሚወጣባትን ትንሽ ቱቦ አበጁ። የያዝኩትን ሻይ ሳልጨርስ ኩራዟ አለቀች።

ጣሳው ላይ የነበረው የቀይ ቲማቲም ሥዕል እንዳለ ነው። ጫፉ ትንሽ ተፍቋል እንጂ ቅጠሉ ሳይቀር ይታያል።

«አባቴ፣ ሥዕሉን ለምን አይፍቁትም?» አልኳቸው።

«ምን አደረገችኝ ብዬ ነው የምፍቃት?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው እኮ ከዚህ ሁሉ ኩራዝ አንዷን ሲመርጥ ቲማቲሟን አይቶ ነው፣ ልጄ።»

ደብተሬን አውጥቼ ይህን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውበት የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ጫፏ የተፋቀ ቲማቲም ትመጣብኛለች።

የተራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው። «ምን አለሽ?» ከሚለው የገበያ አነጋገር መጣ ይላሉ የመርካቶ ሰዎች። በየመንደሩ ከረጢት አንግተው የሚዞሩት ቁራሌዎችም ስማቸውን ያገኙት ከጥሪያቸው ነው። «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጩኸት በየበሩ ሲደጋገም፣ ሲፈጥንና ሲያጥር «ቁራሌው!» ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ስሞች የሰውን ጓዳ ይጠይቃሉ። ምን አለሽ? ምን ተርፎሻል? ምን አስቀምጠሽ ረስተሻል?

ደራሲና ሠዓሊ ሐሳብ ከየት ያመጣሉ እየተባለ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ወደ ላይ እናንጋጥጣለን። መንፈሱ ሲመጣ፣ ስሜቱ ሲነሽጠን፣ ልቡና ሲከፈትልን እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ይመጣል። እኔ ግን ከመርካቶ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ሐሳብ የሚገኘው በየደጁ እየዞሩ «ምን አለሽ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ያልጠየቀ ቁራሌ ከረጢቱ ባዶ እንደሆነ ይመሽበታል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ደግ ቃል አለው፤ ቃርሚያ። ጤፉ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ ካበቃ በኋላ ማሳው ላይ የቀረችውን ዛላ ጎንበስ እያሉ መልቀም ነው። ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ ስትሠራ የዋለችው ይህንኑ ነው። ቃራሚ ባለ እርሻው ያላያትን ዛላ ያያል፤ የሚያየውም ዓይኑ ከሌላው ስለበለጠ አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ ስለሚሄድ ነው።

ደብተር መያዝ የጀመርኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሲናርላይን ደብተር፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ። የመጀመሪያዎቹ ደብተሮቼ የታላላቅ ሰዎች አባባል ብቻ ነበረባቸው፤ ከመጽሐፍ፣ ከሬዲዮ፣ ከመምህራን አፍ የገለበጥኩት። ዛሬ ሳገላብጣቸው ማን እንደተናገረው አውቃለሁ፣ እኔ ለምን እንደጻፍኩት ግን አላስታውስም። ደብተሩን የቀየረው ታክሲ ነው። የአዲስ አበባን ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ እነዚያን ጥቅሶች ያውቃቸዋል፤ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከበሩ በላይ የተለጠፉትን፤ ስለ ሒሳብ አከፋፈል፣ ስለ በር አዘጋግ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሰው ምቀኝነት። ጸሐፊያቸው አይታወቅም። ከሰባተኛ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ አንዷን የገለበጥኩ ቀን ከዝነኞቹ ፈላስፎች ቀጥሎ ስም የሌለው ሰው ደብተሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም።

ከመርካቶ ለቅሞ ከዓለም መድረክ ስለደረሰ ሠዓሊ ልንገራችሁ። ኤልያስ ስሜ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። አሮጌ ነገር መሰብሰብ የጀመረው በልጅነቱ ነው። ቀደም ያሉ ሥራዎቹ ላይ በሸራ የተሰፉ ቁልፎች አሉ፤ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የቀሚስ ቁልፍ፣ አንድ በአንድ በመርፌ የተያያዙ። በኋላ ዓይኑ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ዞረ። ከመርካቶ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ፊደላት፣ የስልክ አካላትና ከየመሣሪያው ሆድ የወጣ ባለቀለም ሽቦ ይገዛል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፣ እንጨት ላይ እያጠጋጋ ይመታዋል፣ ቀለሙን በቀለም ላይ ይደርበዋል።

ከእነዚህ ሥራዎች ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን መስኮት የሚታየውን አገር ይመስላል፤ ማሳ፣ ድንበር፣ ወንዝ፣ ጎጆዎች ተጠጋግተው የተሠሩበት መንደር። ደግሞ ይጠጋል። ያ አረንጓዴ ማሳ የኮምፒውተር ሰሌዳ ነው። ያ ወንዝ ሽቦ ነው። ያቺ ጥቁር ነጥብ አንድ ሰው ስሙን ሲጽፍ፣ ለልጁ መልእክት ሲልክ የነካት የኪቦርድ ፊደል ናት። ኤልያስ ለአንድ ሥራ የሚሆነው ዓይነት ቁራጭ እስኪሟላ ዓመታት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ስለ እሱ የጻፉ ብዙዎች ወሬውን ወደ ቆሻሻ አወጋገድ ያዞሩታል፤ ያ ለእኔ ሥራውን ማሳነስ ነው። እኔ የማየው የእጆችን ብዛት ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ገጥሟታል፣ ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው ተጠቅሞባታል፣ ምናለሽ ተራ ሦስተኛ ሰው በጉጠት ነቅሏታል፤ ኤልያስ አራተኛው ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም የአፍሪካ ጥበብ ሽልማቱን ሰጠው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ላይ ሥራው ቀረበ። እዚሁ አገር ቤት ደግሞ ከአንትሮፖሎጂስቷና ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ዞማ ሙዚየምን መሠረተ። በ2011 ዓ.ም መካኒሳ አካባቢ የተከፈተው ይህ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ሁለቱ አገሩን እየዞሩ የባላገሩን የቤት አሠራር አይተዋል፤ አያቶቻችን ምርጊት የሚያቦኩበት ብልሃት ግድግዳው ላይ በጌጥ መልክ ተቀርጾ ይታያል። ይህም ቃርሚያ ነው።

ከብረቱ ጩኸት ወጥቶ ወደ ሸማ ተራ የሚሄድ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ድምፁ ዝግ ይላል። ነጭ በነጭ ላይ ተደራርቧል፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታው። እዚህ አንድ ቃል አለ፣ በሰማሁት ቁጥር ቆም የሚያደርገኝ። ሸማኔው በቀሚሱ ጫፍ የሚያስገባውን ባለቀለም ጥለት ሰው ሁሉ «ጥበብ» ይለዋል። «ጥበቡ ሰፊ ነው»፣ «ጥበቡን በአረንጓዴ አድርገሽ አምጪልኝ»፣ «ያለ ጥበቡ ስንት ነው?» የሰሎሞንን ማስተዋል፣ የሠዓሊውን ሥራና የቀሚስን ጫፍ በአንድ ቃል የሚጠራ ሕዝብ ጥበብን ሰቅሎ የሚያየው ነገር አድርጎ አልያዘውም። ለብሶት ነው የሚሄደው። ሲቆሽሽ ያጥበዋል።

እዚያ የማውቃት ነጋዴ ከባንኮኒዋ ሥር በፌስታል የቋጠረችው ነገር አላት። አንድ ቀን ፈታችልኝ፤ ጣት የሚያህሉ፣ መዳፍ የሚያህሉ የጥለት ቁርጥራጮች ናቸው። ከተበላሸ ቀሚስ፣ ደንበኛ ከመለሰችው ነጠላ፣ ከእናቷ አሮጌ ኩታ የተቆረጡ።

«ሸማኔው ምን ዓይነት ልሥራ ሲለኝ ይህን እበትንለታለሁ» አለችኝ። «ከዚህ ቀለሙን፣ ከዚህ መስቀሉን፣ ከዚያኛው አሠራሩን ይወስዳል። ዝም ብሎ ከራሴ አመጣለሁ የሚል ሸማኔ አይቼ አላውቅም፣ ወንድሜ።»

አንዷን ቁራጭ አንስታ ሰጠችኝ። በቀይና በወርቃማ ክር የተሠሩ ትንንሽ አልማዞች አሉባት፤ ገልብጬ ሳያት የክሩ ጫፍ በጀርባዋ በኩል ተንጠልጥሏል፣ የሸማኔው እጅ የት ጋ ቀለም እንደቀየረ ይታያል። ፊቷን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ሥራ ሁሉ የለም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት በሸማ ተራ አካባቢ እሳት ተነሣ። ያን ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ያልደነገጠ ሰው የለም፤ ነበልባሉ በየስልኩ ይታይ ነበር። ስለጠፋው ሀብት በየቦታው ተወራ፤ መወራትም ነበረበት፣ የብዙ ሰው ጉሮሮ ነው። እኔ ግን ያቺ ፌስታል ነበረች የታሰበችኝ። የነጋዴዋ ሱቅ ተርፏል። እንዲህ ያለ ቋጠሮ የነበራቸው፣ ግን በማንም መዝገብ ያልሰፈረላቸው ሌሎች ስንት ይሆኑ እያልኩ አደርኩ። የተቃጠለ ጨርቅ ይተካል፤ ከእናት ኩታ የተቆረጠ ናሙና የሚተካበትን መንገድ አላውቅም።

የእኛ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም ቃርሚያን ከጥንት ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተነሥቶ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር ብቻውን ይሄዳል፤ ቅኔ ሊቆጥር ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ የቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ አይፈቀድም፤ የጓደኛን መውሰድም ነውር ነው። ስለዚህ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር ማየት ግዴታው ነው። የሚያየው ደግሞ ያው ደጁ ያለው ነው፤ ጉንዳን፣ የተሰበረ ገል፣ ውሻ ያባረረው ለማኝ፣ በኮቸሮ የሞላ አኮፋዳ። እነዚህ ሰም ይሆኑለታል። ስለ ቅኔ ስናወራ ወርቁን እናደንቃለን፤ ሰሙ ግን ከመሬት የሚለቀም መሆኑን እንረሳለን። ሰም የሌለው ሰው ወርቁን በምን ያፈሰዋል?

መጽሐፍም ሆኖ የደረሰን ቃርሚያ አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የጠቢባን ፈላስፎች መጽሐፍ፣ ብዙዎች አንጋረ ፈላስፋ የሚሉት፣ ከዳር እስከ ዳር የአባባል ስብስብ ነው። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን፣ አርስጣጣሊስ ከግሪክ ወደ ዓረብ፣ ከዓረብ ወደ ግዕዝ ተሻግረው የገዳም ሰዎች ይመስሉበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አውጥተው ለዓለም አስተዋውቀዋል። ይህን ሳነብ የሚገርመኝ ተርጓሚው የመጣለትን ሁሉ እንዳለ አለማስተላለፉ ነው። ባዕዱን ሐሳብ በሚያውቀው ልሳን አለበሰው። ከበደ ሚካኤልም በ«ታሪክና ምሳሌ» ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከየአገሩ የለቀሙትን ታሪክ በአማርኛ ግጥምና ዝርው አብስለው ለተማሪ ሰጡ፤ ስንቱ ልጅ የአገሩ ተረት መስሎት በቃሉ አጠናው።

መንግሥቱ ለማን ሳስብ ደግሞ የምቀናው በቴፕ መቅረጫው ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የተማሩበትን ቤት ሲያወሩ ልጃቸው ድምፃቸውን ቀዳ። «መጽሐፈ ትዝታ» በ1959 ዓ.ም ሲታተም የአንድ ሽማግሌ አንደበት እንዳለ ወረቀት ላይ ተቀመጠ። መንግሥቱ ለማ እንግሊዝ አገር የተማሩ፣ የቴአትር ደራሲ፣ ገጣሚ ነበሩ። ከሁሉ በፊት ግን አባታቸውን «ምን አለዎት?» ብለው ጠይቀዋል። ስንቶቻችን ሳንጠይቅ ቀበርን?

መርካቶም የራሱን ሰዎች አስነሥቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ ለአገሬው ሰው የከለለው ይህ ሠፈር፣ ስሙን ከጣሊያንኛ ወስዶ ቀሪውን ሁሉ ከኢትዮጵያ አራት ማዕዘን አመጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «አይ መርካቶ» ብሎ ግጥም ሲጽፍለት አድናቆትና ብሶት አንድ ላይ ነበር የያዘው። ዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድ በ1941 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚህ ነው። ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል፣ ከሬዲዮ የሰማውን ዜማ እያንጎራጎረ አድጓል። አሪዞና ክለብ ሲሠራ አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሳይመጣ ቀረ፤ መድረኩ ላይ የወጣው ማሕሙድ ዘፈኖቹን ያውቃቸው ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ለዓመታት በጆሮው ሲለቅም ኖሯል።

መሰብሰብ ብቻውን ግን ክምር ነው። ምናለሽ ተራ ይህን በደንብ ያውቃል። ቁራሌው ከረጢቱን ሲዘረግፍ ወጣቶች ከበው ይቀመጣሉ፤ መዳብ ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ፣ ነሐስ ለብቻ፣ ጠርሙስ ወዲያ። አንዱ ልጅ ዓይኑን ሳያነሣ፣ በክብደቱና በድምፁ ብቻ ይለያል፤ ቁራጩን ድንጋይ ላይ ነካ ያደርግና ወደየወገኑ ይወረውራል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1686 እ.ኤ.አ. የማስታወሻ ደብተርን በፊደል ተራ እየለዩ ማውጫ የሚያበጁበትን ዘዴ አሳትሞ ነበር፤ ካነበቡት ሁሉ የተቀዳው ጽሑፍ ሲበዛ የሚፈለገውን ለማግኘት ነው። ይህን ልጅ ቢያገኘው ይግባቡ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔም ደብተሬን በዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ላይ፣ እንዲሁ አደርገዋለሁ። የሰው ንግግር በአንድ በኩል፣ ያየሁት ነገር በሌላ፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ለብቻው። ያን ጊዜ ነው ሁለት ቁራጮች ሳይታሰብ የሚገናኙት። ባለቲማቲሟ ኩራዝና የጥለቷ ቁራጭ የተገናኙት በዚያ ምደባ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከዚያ መጣ።

ወረቀት ራሱ መርካቶ ውስጥ ብዙ ይኖራል። ከበርበሬ ተራ ትንሽ ቅመም የገዛ ሰው የሚጠቀለልለት በተማሪ ደብተር፣ በአሮጌ ጋዜጣ ቅዳጅ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጥቅሉን ፈትቼ አነብ ነበር፤ ታሪኩ መጀመሪያ የለውም፣ መጨረሻም የለውም፣ መሐሉ ላይ ኮረሪማ ይሸታል። የጎደለውን ራሴ እሞላዋለሁ። ድርሰት የጀመርኩት እዚያ ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሠፈራችን «ቁራሌው!» ሲባል ሰማሁና ጠራሁት። የተሰበረ ወንበርና ሁለት ባዶ ጄሪካን ነበረኝ። ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው፤ ከረጢቱን አውርዶ ዕቃውን ካየ በኋላ ዓይኑ በረንዳው ላይ ወዳወጣሁት የወረቀት ክምር ሄደ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱስ?»

የተማሪነት ደብተሮቼ ናቸው፤ የታላላቅ ሰዎች አባባል ያለባቸው። ልጥላቸው ነበር ያወጣኋቸው። «ውሰደው» አልኩት። አንዱን አንስቶ የጋዜጣ ልባጡን ዳሰሰና ከመሐል ገለጠው። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ደገመው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺን ገጽ ለብቻዋ ልውሰዳት? ከኪሎው ውስጥ አትግባ።»

ገጿን በጥንቃቄ ከስፌቷ ነቅሎ አራት አጠፋትና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስገባት። የትኛዋ መስመር እንደነበረች አልጠየቅኩትም። ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ከአጥሩ ባሻገር ተሰማኝ፤ የሚቀጥለውን በር እየጠራ ነበር።